የሞተር ሳጥኔ ሁለተኛ ቁልፍ

የበደለኝ ሰው ይርጋ ይባላል። የበደለኝም በጰራቅሊጦስ ማግስት፣ የሰኔ ጾም በገባበት ሰኞ ጧት፣ ፍኖተ ሰላም በመሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ነው። በሕይወት ሳለ «አንቱ» ነበር የምለው። አሁን «እሱ» እለዋለሁ። ይህችን ያህል መብት አለኝ።

መሞቱን የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣

«ብርቄ፣ አያ ይርጋ አረፉ አሉ» አለችኝ።

«ማን አለ?»

«ጥሩንባ ተነፋ እኮ! አልሰማሽም?»

«ጥሩንባ ለስንቱ ይነፋል። በምን ሞተ?»

«ልባቸው ነው አሉ። ሰንብተዋል ከታመሙ።»

«አስከሬኑን ያየ አለ?»

አማተበች። «ወየው ጉድ! ሰው ሲሞት እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?»

ይጠየቃል። ይርጋ ከሚናገረው ይልቅ የሚያስቀረው የሚበልጥ ሰው ነበር። ስለ እሱ የተነገረኝን ነገር ሁለት ጊዜ ሳልጠይቅ ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ሁለታችንም የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ነበርን። እሱ ቡሬንና እስከ ግሽ ዓባይ ያለውን ይዟል፤ እኔ ገበዝ ማርያምንና ፈረስ ቤትን፣ ደጋውን። ከመሥሪያ ቤቱ ሴቶች ሞተር የምነዳው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን መንገድ የሰጠኝ የለም፤ ወንዶቹ ብርዱንና ጭቃውን ሲሸሹት እኔ ያዝኩት። ኋላ መንገዱ ጥሩ ሆነና ሁሉም ተመኘው። ደጋው ሰው ስሜን ያውቀዋል፤ ሞተሬ ከሩቅ ሲሰማ ከብቱን ሰብስቦ ይጠብቀኛል። ከዚያ በላይ ሀብት አልነበረኝም፤ አልፈለግሁምም።

ይርጋ ረጅምና ቀጭን ነው። አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር ሌላ ጥቁር ክር ያስራል፤ ክሩ ላይ ቁልፎች አሉ። የቢሮ፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥን፣ የቤት፣ የምሳ ዕቃው ሳይቀር። አዎ፣ ምሳውን የሚቆልፍ ሰው ነበር። ሲመጣ ቁልፎቹ ቀድመውት ይደርሳሉ፤ ስለዚህ እሱን የሚያማ ሰው ተይዞ አያውቅም።

አንድ ጠባይ ነበረው። በሞተር የመጣ ሰው ሲያገኝ በመጀመሪያ ሰውየውን ሰላም አይልም። ወደ ኋላ ዞሮ የተጫነውን ዕቃ በጣቱ አንጓ ይመታዋል፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ገበያ ላይ እንስራ የምትገዛ ሴት ስንጥቅ እንዳለው ለማወቅ እንደምታደርገው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ «ደህና ዋልህ?» ይላል። «ሞተር ሰው አይጥልም፤ ጭነት ነው የሚጥለው» የሚለው ነገር ነበረው። አዲስ ሰው ሲቀጠር ይህን ሳይሰማ ምሳ አይበላም።

አዳዲስ ሞተሮች የመጡልን ጊዜ ጭነት መያዣ አልነበራቸውም። እስከዚያ ድረስ ካርቶን በላስቲክ ገመድ እያሰርን ነበር የምንሄደው። ብልቃጥ ይሰበራል፣ መርፌ ይረጥባል፣ አንድ ጊዜ የአባ ሰንጋ ክትባት ከነማቀዝቀዣው ገደል ገብቶብኝ ያውቃል። ኃላፊው፣ ከባሕር ዳር የመጣ ወጣት፣ «የሚሆነውን ራሳችሁ ምረጡና አሠሩ» አለን። ይህ ለይርጋ ሰርግ ሆነለት።

በዚያው ሰሞን አንድ ፈረንጅ ወደ ግሽ ዓባይ ሲያልፍ ቁርስ ሊበላ ከተማችን ቆመ። ሞተሩ ግራና ቀኝ የአልሙኒየም ሣጥን አለው፤ ያንጸባርቃል። ይርጋና እኔ እዚያው በረንዳ ላይ ነበርን። ይርጋ ያዘዘውን ፍርፍር ትቶ ሄደ፤ ሣጥኖቹን በስንዝሩ ይለካ ጀመር። ማጠፊያውን ይዳስሳል፣ ክዳኑን ይጫናል፣ ከሥር አጎንብሶ ያያል። ፈረንጁ አፉን እንኳ ሳይጠርግ ሮጦ መጣና በሞተሩና በይርጋ መካከል ቆመ። አልፈረድኩበትም። እኔም ብሆን እቆም ነበር።

ይርጋ አልደነገጠም። አስተናጋጁን ጠራና «ወድቆ ያውቃል ወይ በለው» አለው።

አስተናጋጁ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ፈረንጁ ሳቀና የተጨረማመተ ጎን አሳየ። ማዕዘኑ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል።

«ለምን አላስበየደውም በለው።»

«አልሙኒየም የሚበይድ ሰው በመንገዱ ሁሉ አጣሁ ይላል፣ አያ ይርጋ።»

ይርጋ ወደኔ ዞረ። «ሰማሽ ብርቄ? ቀላል ነው፣ ያምራል፣ ዝገት የሚባል አያውቅም። ፈረስ ቤት ላይ ሲሰነጠቅ ግን የምትጠሪለት በያጅ ሳይሆን ቄስ ነው።»

ፕላስቲኩንም እንዲሁ ጣለው። ቡሬ ውስጥ አንድ ነጋዴ ጋ የነበረውን የፕላስቲክ ሣጥን አየነው፤ ሁለት ክረምት አገልግሎ ማጠፊያው ጋ ተፈልፍሏል። ይርጋ ጥፍሩን ስንጥቁ ውስጥ አስገብቶ አሳየኝ። ነጋዴው ተቀየመ።

እኔ የምፈልገው ሸራ ነበር። ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል፣ ወፍራም፣ ሰም የተቀባ ሸራ።

«ብወድቅ እግሬን አይሰብረኝም» አልኩት። «ቢቀደድ እሰፋዋለሁ። ባዶ ስመለስ አጥፌ እይዘዋለሁ።»

«ሸራ በምላጭ ይከፈታል።»

«ማን ነው የሚከፍትብኝ? የከብት መድኃኒት ማን ይሰርቃል?»

«ሰው የሚሰርቀው የሚያስፈልገውን ብቻ መሰለሽ?»

«ደጋው ሰው የኔን ዕቃ አይነካም፣ አያ ይርጋ። እርስዎ ሰው አያምኑም።»

«አላምንም» አለኝ ሳያፍር። ከዚያም እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ የቀረውን ነገር ተናገረ። «ደግሞ ሌባ ማለት የሚያወጣ ብቻ አይደለም። የሚያስገባም አለ። በዕቃሽ ውስጥ ያላስገባሽውን ያስገባብሽ ከሰረቀሽ ይብሳል። ቁልፍ የሚያስፈልገው ለዚያኛው ነው።»

ያኔ ምክር መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ በብረት እንዲሠራ ተወሰነ። ቡሬ ኑሩ የሚባል በያጅ አለ፤ ላሜራው እዚያ ተቆረጠ። ይርጋ ከኑሩ ራስ ላይ አልወርድ አለ። ክዳኑ ከላይ ይከፈት፤ ከጎን የሚከፈት ዳገት ላይ ያለውን ሁሉ ይደፋል። የክዳኑ ከንፈር ወደ ውጭ ይውረድ፤ ዝናብ አይግባ። ከሥሩ የድሮ ጎማ ላስቲክ ይዙርበት። ማዕዘኑ ይሞረድ፤ ሹል ብረት የሰው ጉልበት ይበላል። ሣጥኑ ከቱቦ ብረት በተሠራ ፍሬም ላይ ይቀመጥ፤ ሲፈለግ ተፈትቶ እንደ ጀሪካን በእጅ ይያዝ። እያንዳንዱ ቡሎን ሁለት ሁለት ዳዶ ይኑረው፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቀው።

«አያ ይርጋ» አለ ኑሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «እንዲህ ያለ ሣጥን ለልጄ ሰርግም አልሠራሁ። ሙሽራዋ ማን ናት?»

«ላም ናት» አለው ይርጋ።

ኑሩ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ይርጋ ግን አልሳቀም፤ ሣጥኑን መታ አድርጎ ጆሮውን አዘነበለ።

የሱ ሕግ ሣጥን ከሞተሩ መሪ ሰፍቶ አይወጣም የሚል ነበር። መሪው ያለፈበትን ሣጥኑ ካላለፈ አጥር ይይዝሻል። የኔን ግን የክትባት ማቀዝቀዣው እንዲገባበት ብሎ አሰፋው። ከዚያም ግቢው ውስጥ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ተክሎ «በመካከሉ እለፊ» አለኝ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። ነዳሁ፤ የቀኙ ሣጥን አጣናውን ያዘና ወደቅሁ። ይርጋ ሮጦ መጣ። እኔ ከሞተሩ ሥር ነኝ፤ እሱ ተንበርክኮ የሚያየው ሣጥኑን ነው። ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ መታ አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ በኋላ «ተጎዳሽ እንዴ?» አለኝ። ይህንንም አልረሳሁለትም።

ሣጥኖቹ በጓጉንቸር ይቆለፋሉ። የኔ ሁለቱ ጓጉንቸሮች በአንድ ዓይነት ቁልፍ ይከፈታሉ፤ ቁልፉም ሁለት ብቻ ነው። አንዱን ሰጠኝ፤ ሌላውን አንገቱ ላይ ካለው ክር ጋር አሰረው።

«እሱም የኔ ነው» አልኩት።

«ለድንገት ነው። ቁልፍ ሲጠፋብሽ ገበዝ ማርያም ላይ ሆነሽ ትጠሪኛለሽ።»

«ቁልፍ ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

«እንግዲያውስ ይኸኛው ምንም አይሠራብሽም» አለና ክሩን ወደ ሹራቡ ውስጥ መለሰው።

ስለ ሣጥኑ አንድ እውነት ልናገር፤ ለሱ ነግሬው አላውቅም። በአንድ ክረምት ፈረስ ቤት መውረጃ ላይ በረዶ ያዘኝና ጠጠሩ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅሁ። ሞተሩ በላዬ መጣ። እግሬ ከሥሩ ነው፤ ግን አልተጫነኝም። ሣጥኑ መሬት ረግጦ ሞተሩን ደግፎት ቆሟል፤ በሣጥኑና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት የኔን እግር ያህል ነበር። ሸራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በምርኩዝ ነበር የምሄደው። እግሬን አውጥቼ ተነሣሁ፤ ጭቃዬን ጠረግሁ፤ ከተማ ስገባ ይርጋ የተጫረውን ጎን አይቶ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። እሱ ሲያስቀር እኔ ለምን እሰጠዋለሁ?

አሁን ወደ በደሉ ልምጣ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ከጰራቅሊጦስ በፊት ባለው ሳምንት ገበዝ ማርያም ዙሪያ ስከትብ ሰነበትኩ። የመጨረሻው ቤት የእማማ ፈንታነሽ ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ ሁለት በሬና አንዲት ላም ያሏቸው ሴት ናቸው። ላሚቱ ምጥ ጠንቶባት ነበር፤ ጥጃውን ከነነፍሱ አወጣሁላቸው። ስጨርስ ወንዙ ሞልቷል፤ መሻገሪያው ላይ ሞተሩን ከነሁለት ሣጥኑ ማሳለፍ አልተቻለም። የግራውን ሣጥን ፈትቼ፣ ባዶ ብልቃጦች ብቻ እንዳሉበት ቆልፌ፣ እማማ ፈንታነሽ ቤት ተውኩት። ለይርጋ ደወልኩለት፤ በነጋታው በዚያ በኩል እንደሚያልፍ አውቃለሁ።

«አያ ይርጋ፣ ሣጥኔን ይዘውልኝ ይምጡ።»

«እሺ ብርቄ» አለኝ።

በኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት በሳህን ወጥ ቢልክልሽ ሳህኑ ሲመለስ ጥቂት ሽሮም ቢሆን፣ አንድ እፍኝ ቆሎም ቢሆን ይዞ ይመለሳል። ባዶ ዕቃ የመለሰ ሰው «ከአንቺ ጋር ጨርሻለሁ» ማለቱ ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። የብረት ሣጥንም ዕቃ መሆኑ ግን እኔ ትዝ አላለኝም። ለይርጋና ለእማማ ፈንታነሽ ትዝ ብሏቸዋል።

ሰኞ ጧት ይርጋ ሣጥኔን ከሞተሩ አውርዶ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ አስቀመጠው። እኔ ገና ከበር ስገባ ኃላፊው ሁላችንንም ሰብስቧል። አቤቱታ ደርሶታል፤ ባለሙያዎች ከገበሬ ስጦታ እየተቀበሉ የሰጠውን ያስቀድማሉ፣ ያልሰጠውን ይገፋሉ የሚል። ማን እንዳቀረበው አልተናገረም። እኔ የምጠረጥረውን አውቃለሁ፤ ማስረጃ ስለሌለኝ አልጽፈውም።

«ከመስክ የገባ ዕቃ ሁሉ ይከፈት» አለ።

የሚከፈተው የኔና የይርጋ ነበር። የይርጋ ተከፈተ፤ ገመድ፣ ቦቲ ጫማ፣ የተቆለፈ ምሳ ዕቃ። ወደኔ ዞሩ። ሣጥኑን አላነሳሁትም፤ ባነሳው ኖሮ በክብደቱ አውቅ ነበር። ቁልፌን አውጥቼ በገዛ እጄ ከፈትኩት።

ከላይ ጭድ ነበር። ከጭዱ ሥር እንቁላል። ከእንቁላሉ ሥር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ ከጎኑ ደግሞ አፉ በጨርቅ የታሰረ የማር ማሰሮ።

ሁሉም ተጠግተው አዩ። ከዚያ የግምጃ ቤቱ ዘላለም፣ ቀልደኛ ነኝ የሚል ሰው፣ «እትዬ ብርቄ፣ ጾሙ እኮ ዛሬ ገባ! ይኼ ቅቤ ለጸጉር ነው?» አለ። ግቢው በሳቅ ተነቀነቀ።

«እኔ አላስገባሁትም» አልኩ። «ባዶ ብልቃጥ ብቻ አድርጌ ቆልፌዋለሁ።»

«ቁልፉ በማን እጅ ነው?» አለ ኃላፊው።

«በኔ።»

«ሌላ ቁልፍ የለም?»

«አለ። በአያ ይርጋ አንገት ላይ።»

ሁሉም ዞሩ። ኃላፊው «አያ ይርጋ፣ የዚህ ሣጥን ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው?» አለው፤ እሱም እንደኔ አንቱ ነበር የሚለው።

ይርጋ እጁን ወደ ሹራቡ አስገባ፤ ጥቁሩን ክር ወደ ውጭ ሳበው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ አሳየ። የቢሮ፣ የቁም ሣጥን፣ የቤት፣ የምሳ ዕቃ። የኔ የለም።

«የለኝም» አለ።

ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም። ሣጥኑ ላይ ነበር።

«አያ ይርጋ!» አልኩት። «እግዜር ያያል!»

«ያያል» አለ።

ይኸው ነው። የደጋው መንገድ ከእጄ ወጣ። ሞተሬ ከነሣጥኖቹ ለይርጋ ተሰጠ፤ የጓጉንቸሩን ቁልፍ ግን አልመለስኩም፤ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መጋዘን ተቀምጬ መርፌ ሳወጣና ሳስገባ ኖርኩ። ከዘላለም ጋር ጎን ለጎን። ጾም በገባ ቁጥር ስለ ቅቤ የሚያነሳው ነገር አያጣም ነበር። ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን ደጋው ሰው ነው። ሳልሰናበት ጠፋሁ። ሰው በተነገረው መጠን ያስባል፤ ምን እንደተነገረው ደግሞ አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ እማማ ፈንታነሽ ለሕክምና ፍኖተ ሰላም መጡ። ጠይቀው ጠይቀው መጋዘኑ ድረስ ደረሱ። በሩ ላይ ቆመው በምርኩዛቸው ደፉን መታ መታ አደረጉ።

«አንቺየ!» አሉኝ። «ምነው ልጄ ጠፋሽብን? ማሩን ሳትወጂው ቀረሽ እንዴ? የጥቁር ንብ ነበር እኮ!»

ወንበር ሰጠኋቸው። ውኃ ሰጠኋቸው። ከዚያ ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ሣጥኑ ተቆልፎ ነበር። በምን ከፈቱት?»

«ያ ረጅሙ ሰውዬ ነዋ! ዕቃዋን ባዶውን አልሰድም፣ ክፈትልኝ ብዬ ሙጥኝ አልኩት። መጀመሪያ እንቢ አለ። እንግዲያስ ሣጥኑን አታነሳውም፣ ላዩ ላይ እቀመጣለሁ ብዬ ተቀመጥኩበት።» ሳቁ። «ቁልፉን ፈትቶ ሰጠኝና ታች የሰው በሬ ሊያይ ወረደ። ሞላሁት፣ ጭድ አለበስኩት፣ ጓጉንቸሩን ቀርቀር አደረግሁት። ቁልፉን ግን መቀነቴ ላይ ቋጥሬው ረሳሁ። እሱም ረሳው። ኋላ በሌላ ጊዜ ሲመጣ ሰጠሁት።»

«ያን ጊዜ ስለኔ ምን አለዎት?»

«ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረች አለኝ። እኔማ ተቀይማኝ ነው ብዬ ስንት ጊዜ አዘንኩ።»

ማራቸው ምን እንዳመጣብኝ አልነገርኳቸውም። ጥሩ ማር ነበር አልኳቸው። ቀምሼው አላውቅም፤ የተወሰደው በኮሚቴ ነው።

ስለዚህ ይርጋ ያን ሰኞ የተናገረው እውነት ነበር። ቁልፉ አልነበረውም። ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቅር እለው ነበር፤ የደነገጠ ሰው ይዋሻል። እሱ ግን እውነት መርጦ፣ ለክቶ፣ ከእውነቷ ጀርባ ቆመ።

በዚያው ቀን ማታ ሥራ ሲወጣ ጠበቅሁት። ግቢው ውስጥ ሞተሬ ሥር ተንበርክኮ የፍሬሙን ዳዶ ያጠብቃል። አልተነሣም።

«እማማ ፈንታነሽ መጥተው ነበር» አልኩት።

ቁልፉን፣ የዳዶውን ማጥበቂያ ማለቴ ነው፣ አቆመው። «ደህና ናቸው?»

«ሣጥኔን ለምን ከፈቱላቸው?»

«ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ ብርቄ?»

«ያን ሰኞ ጧት ይህንን ለምን አላሉም?»

ጠብቆ ያለቀውን ዳዶ እንደገና አጠበቀው። «ቁልፍ አለዎት ወይ አሉኝ። የለኝም አልኩ።»

«የተጠየቁትን ብቻ መለሱ።»

«የተጠየቅሁትን ብቻ።»

«መንገዴን ወሰዱ።»

በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። የሚናገር መሰለኝ። ግን እጁን አንሥቶ ሣጥኑን በጣቱ አንጓ መታው፤ ጆሮውን አዘነበለ። እኔም ጥዬው ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ «ደህና ዋሉ» እንኳ አልተባባልንም።

ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ ሁለት ይርጋ አያለሁ። አንዱ ሣጥን ላይ የተቀመጠች አሮጊት ማስነሣት ያቃተው፣ ወግ የሚያከብር፣ ኃላፊ ፊት ሲቆም ደግሞ የሚፈራ ነው። ሌላው «የሚያስገባም አለ» ብሎ ቡሬ ላይ የነገረኝ ነው፤ ሣጥኔን አስፍቶ ያሠራ፣ ቁልፌን አንገቱ ላይ ያሰረ፣ አቤቱታ መቼ እንደሚነበብ የሚያውቅ። የትኛው እንደሆነ አልወሰንኩም። ሰዎች የመጀመሪያው ነው ይሉኛል። ሰዎች የደጋውን መንገድ አልተቀሙም።

ለቅሶው ላይ ሄድኩ። ለማልቀስ አይደለም። ሞተሩ አርጅቶ ሲወገድ ሣጥኖቹን ማንም አልፈለጋቸውም፤ ይርጋ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው ሲባል ሰምቼ ነበርና እንዳሉ ለማየት ነው። አንዱ የለም። የግራው ግን ከግድግዳው ሥር፣ ጨርቅ ለብሶ፣ ሰው ተቀምጦበታል። አንዲት ሴት «እግዜር ያጥናችሁ በይ እንጂ» ብላ ጎኔን ነካችኝ። አልኩ።

ከአርባው በኋላ ልጁ ሰላም ወደ ቤቴ መጣች። ባጃጅ ከበሩ ቆሟል፤ ሹፌሩ ሣጥኑን ተሸክሞ ገባና በረንዳዬ ላይ አስቀመጠው። ቀለሙ ታድሷል፤ ላስቲኩ አዲስ ነው። ዳዶዎቹ ሁለት ሁለት ናቸው።

«አባዬ ዕቃዋን መልሱላት ብሎ ነበር፣ እትዬ» አለችኝ።

«ማን እያለ?»

«እኔና እማዬ እያለን።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ሌላ ምንም አላለም።»

«ምንም?»

«አልቆ ነበር እትዬ። መናገር አቅቶት ነበር።» ዓይኗ ውኃ ሞላ። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ጥቁር ክር አወጣች፤ ክሩ ላይ ያለው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። «ይህንንም። እማዬ ደግሞ ባዶውን አይሄድም ብላ ማር አድርጋበታለች። ካገራችን የመጣ ነው።»

ልጂቱን አስቀምጬ ሻይ ሰጠኋት። የአባቷ ረጅም ጣት አላት። ስትሄድ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ አላስጎነበስኳትም።

ብቻዬን ስቀር ሣጥኑን ከፈትኩት። ማሰሮውን አወጣሁ። ከሥር የተነጠፈውን ስፖንጅ አንሥቼ በእጄ ዳሰስኩ፤ ማዕዘኑን ሁሉ ዳሰስኩ። ምንም የለም። ክዳኑን ዘግቼ በጣቴ አንጓ መታሁት፤ ጆሮዬን አዘነበልኩ። ድምፁ ደህና ነው። የኑሩ ብየዳ ይህን ሁሉ ዘመን አልላላም።

ማሩን ለጎረቤቴ ሰጠሁ። ሣጥኑን በሙቅ ውኃ አጠብኩት፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋለ። በማግስቱ ጓጉንቸሩን ቆልፌበት፣ በባጃጅ ጭኜ ይርጋ ቤት ወሰድኩትና ለሚስቱ በእጇ ሰጠኋት። አነሣችው፤ ክብደቱን አወቀች፤ አየችኝ።

«ባዶ ነው» አልኳት።

ሁለቱም ቁልፎች እኔ ጋ ናቸው።